ማደሪያ ለሌለው ሰው ምን እናስተምረው?
የወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ የሕይወት ታሪክ



በየማኅበረ ምእመናኑ ያሉ ወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት ማደሪያ የሌላቸውን ሰዎች ለመጎብኘት በሚነሡበት ጊዜ፥ ከዳቦውና ከልብሱ ጋራ የጤና ትምህርትም ይዘው መሄድ ይወዳሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸዋል፤ ይኸውም ስለ ምን እናስተምር የሚለው ነው። አንዱ ስለ እጅ መታጠብ ይሁን ይላል፤ ሁለተኛው ስለ ምግብ ዓይነት፥ ሦስተኛው ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና ይሁን ይላል። ሁሉም እውነተኛ ትምህርት ነው። ዳሩ ግን ውሃ የሌለው ሰው እጁን በምን ይታጠባል? የሚበላውን ለመምረጥ የማይችል ሰው ስለ ምግብ ዓይነት ሰምቶ ምን ያደርጋል? መኝታ ቤት የሌለውስ ምኑን ይጠርጋል? የሰማውን ሊፈጽም የማይችል ሰው ከትምህርቱ የሚያተርፈው እፍረትን ብቻ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ፥ ደንብ ጽፈን ከመስጠት ይልቅ የአንዲት ሴት ሕይወት ልንተርክላችሁ ወደድን። እኚህ ሴት የተመረቁት በሕግ ትምህርት እንጂ በሕክምና አልነበረም። ሆኖም ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቤት ከሌላቸው ሰዎች ጋራ ኖረው፥ ለእነርሱ የሚረባው የጤና ትምህርት የትኛው እንደ ሆነ በኑሮአቸው አሳዩ። ስማቸው አናሌና ቶኔሊ ይባላል። በዚህ ታሪክ የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካቸው የሚፈጸመው በሶማሌላንድ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን የዚያን አገር ሰዎች ችግር ማወቅ ይገባናል። ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ሐርጌሳ ይደርሳል። ሐርጌሳ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ናት። በ1988 በግንቦት ወር መጨረሻ፥ በዚያድ ባሬ መንግሥትና በሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል የነበረው ጦርነት በዚህች ከተማ ላይ ወረደ። አውሮፕላኖች ከራሷ ከከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን ደበደቡ። ቤቶችዋ ፈረሱ፤ ሕዝቧም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። በጅግጅጋ አቅራቢያ ሐርትሼክ በተባለ ውሃ በሌለው ሜዳ ላይ የተተከለው የስደተኞች ሰፈር በዓለም ካሉት ታላላቅ ሰፈሮች አንዱ እስኪሆን ድረስ ሞላ፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። ዛሬም በሐርጌሳ መካከል፥ ያን ዘመን ለማስታወስ፥ የጦር አውሮፕላን በሐውልት ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ሕዝቡ በ1990ዎቹ ዓመታት እየተመለሰ በመጣ ጊዜ ብዙው ቤቱን የድንጋይ ክምር ሆኖ አገኘው። ሌላው ደግሞ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ስለ ነበረ፥ ቀድሞም በከተማ ቤት አልነበረውም። በእንግሊዝ ዘመን አገረ ገዥው ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ ዙሪያ፥ ስቴት ሀውስ በሚባለው ሰፈር፥ ብዙ ቤተ ሰቦች ቡል የሚሉትን ጎጆ ሠርተው ተቀመጡ። ቡል ማለት ቀጫጭን እንጨት ጎብጦ እንደ ቅርጫት ይታሰርና በላዩ አሮጌ ጨርቅ፥ ካርቶንና ላስቲክ የሚለብስ ማደሪያ ነው። ጎንበስ ብለው ይገቡበታል፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ በውስጡ አንዱን አየር ይተነፍሳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሥር ከሚሰዱት በሽታዎች አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ በሳል አማካይነት በአየር ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋልና።

ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ፥ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ፥ ቦረማ የምትባል ከተማ አለች። ወይዘሪት አናሌና የሕይወታቸውን የመጨረሻ ሰባት ዓመታት ለእነዚህ ሕመምተኞች የሰጡት በዚያ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ቦረማ የደረሱት በረጅም መንገድ ስለ ሆነ ከልደታቸው እንነሣ።

አናሌና ቶኔሊ ኤፕሪል 2 ቀን 1943 በኢጣልያ አገር ፎርሊ በምትባል ከተማ ተወለዱ። የኢጣልያ ጦር ከአገራችን ከተባረረ ገና ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ያ ሠራዊት ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው ሊገዛ ነው፤ እኚህ ግን ካደጉ በኋላ ወደዚሁ ምድር የመጡት ሊያገለግሉ ነው። በወጣትነታቸው ሕግ ተምረው ተመረቁ፤ ነገር ግን በጥብቅና ሥራ ሊኖሩ አልፈለጉም። ስድስት ዓመት ያህል በተወለዱበት ከተማ በድሆች ሰፈርና ወላጅ በሌላቸው ልጆች መካከል አገለገሉ። በከተማቸውም በዓለም ላይ ያለውን ረሃብ ለመዋጋት የተቋቋመ ኮሚቴ ነበረ፤ እርሳቸውም በውስጡ ደከሙ፥ ኮሚቴውም በአፍሪካ ሥራቸው ሁሉ ረዳታቸው ሆነ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የመነኮሳት ማኅበር አባል አልሆኑም። ከድሆች ጋራ ድሃ ሆኖ መኖር የክርስቶስ ጥሪ እንደ ሆነ ስላመኑ ባል አላገቡም፥ ለራሳቸውም ሀብት አላከማቹም። በ1969 መጀመሪያ፥ ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው፥ ወደ ኬንያ ሄዱ።

በኬንያ መጀመሪያ የሠሩት በአስተማሪነት ነው። ከጥቂት ጊዜም በኋላ በሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ዋጂር ተዛወሩ። ዋጂር ደረቅ ምድር ናት፤ ሕዝቧ ሶማሌ፥ ሃይማኖቱ እስልምና፥ ሀብቱም ግመልና ፍየል ነው። ወይዘሪት አናሌና እንደ እርሳቸው ካሉ ጥቂት ሴቶች ጋራ ሆነው፥ በልጅነት ልምሻና በሌላ ሕመም አካላቸው የተጎዳ ልጆች የሚረዱበትን ማረፊያ አቋቋሙ። በዚያም ሲኖሩ አንድ በሽታ ብዙ ሰዎችን ሲጨርስ አዩ፤ እርሱም በሶማሊኛ ቃሖ የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ይህ በሽታ ሊድን የሚችል ነው። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1882 መንሥኤውን አግኝቶአል፤ ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮም የሚፈውሱ መድኃኒቶች ተገኝተዋል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ለመዳን አንድ ዓመት ወይም ዓመት ከመንፈቅ ያህል መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ፥ መርፌም መወጋት ያስፈልግ ነበር። በየአገሩ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ምክር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፥ አልጋ ይዞ እንዲተኛ፥ በየቀጠሮውም እንዲመለስ የሚል ነበረ። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ቤት ላለው ሰው የተሠራ ምክር ነው።

አርብቶ አደሩ ዝናብ በሌላ ምድር በዘነበ ጊዜ መንጋውን ተከትሎ ይሄዳል። ካልሄደ ግመሎቹ ያልቃሉ፤ ግመሎቹ ካለቁ ልጆቹ ይራባሉ። ከወገኑ ተለይቶ በአንድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ወራት መተኛትም እንደ እስራት ይሆንበታል። ስለዚህ ሳሉ ጥቂት ሲቀልለው ተነሥቶ ይሄዳል። በሽታው ግን በውስጡ አልሞተም፤ ተመልሶ ይነሣል፥ አንዳንድ ጊዜም መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ይነሣል። እንዲህ በሆነ ቁጥር ሕዝቡ ምክር አይሰማም የሚል ወቀሳ ይሰነዘርበታል። እውነቱ ግን ይህ አልነበረም። ሕዝቡ ሰምቶአል፤ የሰማውን የሚያደርግበት ስፍራ ግን አልተሰጠውም ነበር።

በ1976 በዓለም የጤና ድርጅት ድጋፍ፥ በአርብቶ አደሮች መካከል የሳንባ ነቀርሳን ለማከም የታሰበ የሙከራ ሥራ በዋጂር በተጀመረ ጊዜ ኀላፊነቱ ለወይዘሪት አናሌና ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ተጨምሮ የሕክምናው ዘመን ወደ ስድስት ወር ሊያጥር እንደሚችል እየታወቀ ነበር። ስድስት ወር ከዓመት ከመንፈቅ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ግመል ላለው ሰው ስድስት ወርም ብዙ ነው። እንዴት ሊቀመጥ ይችላል?

መልሱ ከሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ተገኘ። ወይዘሪት አናሌና ይሠሩበት ከነበረው ማረፊያ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ጎጆአቸውን እንዲተክሉ ጋበዙአቸው። የሶማሌ ጎጆ እንደ ከተማ ቤት በአንድ ስፍራ ተቸንክሮ የሚቀር አይደለም፤ ተነቅሎ በግመል ይጫናል፥ በሌላ ስፍራም ይተከላል። እንግዲህ ሕመምተኛው ወደማያውቀው ክፍል መግባቱ ቀርቶ፥ ሕክምናው ወደ ሕመምተኛው ደጃፍ መጣ። ያም ሰፈር የሳንባ ነቀርሳ ማንያታ ተባለ። ሰው በገዛ ጎጆው ያድራል፥ በገዛ ምንጣፉ ይሰግዳል፥ ከአገሩ ሰዎች ጋራ ይጫወታል፤ መድኃኒቱንም በየዕለቱ በሠራተኛ ፊት ይውጣል። ስድስቱ ወር ሲፈጸም ጎጆውን ነቅሎ ወደ መንጋው ይመለሳል።

በዚህ ሜዳ ላይ የጤና ትምህርት መልኩ ተለወጠ። ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሊነገረው የሚገባው ነገር ጥቂት ነው። በሽታው በአየር የሚተላለፍ እንጂ ከአባት ለልጅ የሚወርስ እርግማን አለመሆኑን ይወቅ። ሲያስል አፉን ይሸፍን፥ አክታውንም በየሜዳው አይትፋ። መድኃኒቱ ሳሉን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊያስታግሥለት ይችላል፤ እርሱ ግን እስከ መጨረሻው ቀን መዋጡን አይተው። በአንድ ጎጆ አብረውት የሚያድሩትም ይመርመሩ። ከዚህ በላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን እነዚህ ጥቂት ቃላት ኀይል የሚያገኙት፥ ሰሚው በዚያው ቀን ሊፈጽማቸው ሲችል ነው። መድኃኒቱን ዋጥ ሲባል መድኃኒቱ በተናጋሪው እጅ ላይ አለ፤ ቆይ ሲባል የሚቆይበት ስፍራ ተሰጥቶታል፤ ትድናለህ ሲባልም የዳነው ሰው በአጠገቡ ባለው ጎጆ ተቀምጦ ይታያል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1993 የሳንባ ነቀርሳ ለዓለም ሁሉ አስቸኳይ አደጋ መሆኑን አወጀ። ከዚያም በኋላ በየአገሩ እንዲሠራበት የመከረው ዘዴ፥ ሕመምተኛው ሌላ ሰው እያየው መድኃኒቱን እንዲውጥ የሚያደርገው፥ በዋጂር ሜዳ አስቀድሞ ከተሠራው ሥራ ጋራ በአንድ መንገድ የሚሄድ ነው። ወይዘሪት አናሌናም ፍቅር ብቻውን ዕውቀትን እንደማይተካ ስለ ተረዱ፥ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፥ ስለ ለምጽና ስለ ቆላ በሽታዎች በኬንያ፥ በእንግሊዝና በስፔን ትምህርት ተከታትለው የምስክር ወረቀት አገኙ። የማያውቁትን ለማስተማር አልደፈሩም።

በፌብሩዋሪ 1984 በዋጂር ታላቅ ኀዘን ሆነ። የኬንያ የጸጥታ ኀይሎች የደጎዲያ ጎሣ ወንዶችን በዋጋላ አውሮፕላን ማረፊያ ሰብስበው ብዙዎችን ገደሉ። ወይዘሪት አናሌና ቁስለኞችን ረዱ፥ የሞቱትንም ለማንሣት ደከሙ፥ የተደረገውም ነገር በውጭ አገር እንዲታወቅ አደረጉ። ስለዚህ በ1985 ከኬንያ እንዲወጡ ተደረገ። ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የሠሩበትን ስፍራ ትተው ሲወጡ የያዙት ሀብት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሶማሊያ ገብተው በበለድወይን፥ በሞቃዲሾና በመርካ አገለገሉ። በ1991 የአገሩ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ጦርነትና ረሃብ በአንድነት ሲነግሡ፥ የተራቡትን በመመገብና የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን በማከም ቆዩ። በመርካ የነበረውን ሥራ ከእርሳቸው የተረከቡት ኢጣልያዊት ሐኪም ግራጺየላ ፉማጋሊ በ1995 እዚያው በሥራ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ወይዘሪት አናሌና ይህን ካዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ማረፍ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በ1996 ወደ ቦረማ መጡ።

ሶማሌላንድ በ1991 ከቀረው ሶማሊያ ተለይታ ነጻነቷን ያወጀች ስትሆን፥ ሌሎች መንግሥታት በዚያን ጊዜ ስላላወቁላት የሚደርሳት ርዳታ ጥቂት ነበር። በቦረማም እንደ ሐርጌሳ ሁሉ ከስደት የተመለሱ፥ ከብታቸው ያለቀባቸውና መጠጊያ ያጡ ሰዎች ብዙ ነበሩ። በእነዚህ መካከል የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ማደሪያ ያጣ ነበር ማለት ይቻላል። አስቀድሞ ጦርነቱ ቤቱን ወሰደበት፤ ቀጥሎም የበሽታው ስም ከሰው መካከል አወጣው። ቃሖ የሚለው ስም ራሱ ያሳፍር ነበርና። ሴት ልጃቸው ታማ እንደ ሆነ የሚያውቁ ወላጆች ባል አታገኝም ብለው ይደብቁአታል፤ ጎልማሳው ብርድ መታኝ እያለ እስኪሞት ድረስ ይሸሽገዋል።

እንግዲህ በዚህ ስፍራ የሚረባው የመጀመሪያው ትምህርት ስለ አክታና ስለ ተሕዋስ ሊሆን አልቻለም። ከሁሉ በፊት መሰበር የነበረበት እፍረቱ ነው። ወይዘሪት አናሌና እፍረቱን የሰበሩት በንግግር ብዛት አልነበረም። ሰው የሚሸሻቸውን ሕመምተኞች ራሳቸው ይቀርቡአቸው፥ ይመግቡአቸው፥ ያጥቡአቸው ነበር። የተፈወሱትም ወደ መንደራቸው ሲመለሱ፥ ያለ ሰባኪ ትምህርቱን ተሸክመው ተመለሱ። ሥራው እያደገ ሄዶ ከሁለት መቶ በላይ ሕመምተኞችን የሚያስተኛ ሆስፒታል ሆነ፤ ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከሩቅና ከጎረቤት አገርም ሰዎች ይመጡ ጀመር። በፊት ስሙን ለመጥራት ያፈሩት በሽታ፥ እያደር መድኃኒት እንዳለው እንደ ማንኛውም ሕመም በግልጽ የሚነገር ሆነ።

ስድስት ወር ያለ ሥራ መቀመጥም ሰውን ያደክማል። ስለዚህ ለሕመምተኞቹ ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት ትምህርት ተከፈተ። ቁርኣንም የሚማሩበት ጊዜ ነበራቸው። ይህን ስንጽፍ ከአንባብያን አንዳንዶች እንደሚደነቁ እናውቃለን። ወይዘሪት አናሌና ክርስቲያን መሆናቸውን ከቶ አልሸሸጉም፤ ነገር ግን የታመመውን ሰው ችግሩን ምክንያት አድርገው ሃይማኖቱን ሊያስለውጡት አልሞከሩም። መድኃኒቱን ሰበብ አላደረጉትም። የወደቀውን መንገደኛ ያነሣው ሳምራዊ ቁስሉን ከማሰሩ በፊት የየትኛው ወገን እንደ ሆነ እንዳልጠየቀው እናስታውስ።

ሕዝቡ ካመናቸው በኋላ ሌሎች ትምህርቶች ተራ በተራ መጡ። የማይሰሙ ልጆች በየቤቱ ተደብቀው እንደሚኖሩ ስላወቁ ለእነርሱና ለሌሎች አካለ ጉዳተኞች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሞራ ዐይናቸውን የጋረዳቸው ሽማግሌዎች ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ የዐይን ሐኪሞችን ከውጭ አስመጡ። ከዚያም ሁለት ከባድ ነገሮችን አነሡ፤ አንደኛው የሴት ልጅ ግርዛት፥ ሁለተኛው ኤድስ ነው። ስለ ግርዛት ከእናቶችና ከገራዦቹ ሴቶች ጋራ ተነጋገሩ፤ ገራዥዋ ሥራዋን ብትተው በምን ትኖራለች የሚለውንም አልዘነጉም፥ በሌላ ሥራ እንድትተዳደር ይረዱ ነበር። ይህም ከቀድሞው ጥበባቸው ጋራ አንድ ነው፤ ተዉ ከማለት በፊት፥ የሚተዉበትን መንገድ ማዘጋጀት።

እነዚህን ከባድ ነገሮች በመጀመሪያው ዓመት ቢያነሡአቸው ኖሮ የሚሰማቸው ባልተገኘ ነበር። የጤና ትምህርት ተራ አለው። አስቀድሞ ሰሚው ራሱ የሚጮኽበት ሕመም ይነሣል፤ እርሱ የሚሸሽገው ቀጥሎ ይመጣል፤ እርሱ እንደ ጉዳት የማይቈጥረው ደግሞ በመጨረሻ ይመጣል። እንዲህም ሆኖ ዋጋ ያስከፍላል። የኤድስ ሕመምተኞችን በመቀበላቸው ምክንያት በሽታውን ወደ ከተማው አመጡብን ብለው የተነሡባቸው ነበሩ፤ በሆስፒታሉም ላይ ድንጋይ ተወረወረ። እርሳቸው ሕመምተኞቹን አላስወጡም።

በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የናንሰንን ሽልማት ሰጣቸው። ይህ ሽልማት ለስደተኞችና ለተፈናቀሉ ሰዎች ለደከሙ የሚሰጥ ነው። በጁን ወር ወደ ጄኔቫ ሄደው ተቀበሉት፤ ከዚያም ወደ ሕመምተኞቻቸው ተመለሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ፥ ኦክቶበር 5 ቀን 2003፥ በምሽት በሆስፒታላቸው ግቢ ውስጥ ሳሉ በጥይት ተመተው ሞቱ። ዕድሜአቸው ስድሳ ነበር። በዚያው ወር በሼክ ከተማ ሁለት እንግሊዛውያን አስተማሪዎች፥ ባልና ሚስት፥ በቤታቸው ተገደሉ። ሶማሌላንድም እንግዶቿን በማጣት አዘነች። የወይዘሪት አናሌና ማረፊያ በወደዱት ምድር፥ በዋጂር፥ ሆነ። የቦረማው ሆስፒታል ግን አልተዘጋም፤ ሥራው ከእርሳቸው በኋላ ቀጠለ።

እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ፥ ወደ መጀመሪያው ጥያቄአችን እንመለስ። በሐርጌሳ ዳርቻ ዛሬም ድርቅ ከብታቸውን የጨረሰባቸው ቤተ ሰቦች በቡል ውስጥ ያድራሉ። በአዲስ አበባ፥ በጎንደር፥ በደሴና በባሕር ዳርም በየበረንዳው፥ በየአጥሩ ሥርና በየመናኸሪያው የሚያድሩ ወገኖቻችን አሉ። ወደ እነርሱ ስንሄድ የምናስተምረውን ከቤታችን መርጠን ብንወጣ እንሳሳታለን። አስቀድመን ሄደን እንቀመጥ፤ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ እንጠይቅ፤ የሚያስለውን ሰው ሳል፥ የሚያነክሰውን ሰው እግር፥ የምታጠባዪቱን እናት ፊት እንመልከት። ርዕሱን የሚሰጡን እነርሱ ናቸው።

ርዕሱንም ካገኘን በኋላ ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። የምንነግረውን ነገር ይህ ሰው ዛሬ ማታ በሚያድርበት ስፍራ ሊፈጽመው ይችላልን? የሚጎድለው ነገር ቢኖር፥ እኛ ይዘንለት መጥተናልን? ነገና ከነገ ወዲያስ እንመለሳለንን? ለሦስቱም አዎን ማለት ካልቻልን ሌላ ርዕስ እንፈልግ፥ ወይም የጎደለውን እስክናሟላ ድረስ እንቆይ።

ምሳሌ እንስጥ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል፥ ሌሊት የሚያልበው፥ ሰውነቱም የሚከሳ ሰው በበረንዳው ላይ ብናገኝ፥ በአገራችን በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ መንገር ጥሩ ትምህርት ነው። ነገር ግን ነግረነው ብንሄድ ግማሹን ብቻ አደረግን። በረንዳ አዳሪ መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ሣጥን የለውም፤ ያደረበትን ስፍራ ጥበቃው በማለዳ ያስለቅቀዋል፤ ልብሱ ስላደፈ በጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ያፍራል። ከማኅበራችን አንድ ሰው አብሮት ወረፋ ቢይዝ፥ ሌላውም ስድስቱን ወር ሙሉ በየማለዳው ቁርስ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ቢያደርሰው፥ ያ የጤና ትምህርት ፍጹም ይሆናል። በዋጂር ሜዳ የተደረገውም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ስድስት ወር ለአንድ ሰው ሲባል ብዙ ይመስላል። በአንድ ቀን ለመቶ ሰው ተናግሮ መመለስ ይቀላል፥ በሪፖርትም ላይ ያምራል። ወይዘሪት አናሌና ግን መቶውን አንድ በአንድ ቈጠሩአቸው፤ መድኃኒቱን ያልዋጠው ማን እንደ ሆነ በየዕለቱ ያውቁ ነበር። በመጪው ሳምንት ወደ ደጅ አዳሪዎቹ ስንወጣ፥ የምናስተምረውን ርዕስ ከመምረጣችን በፊት የአንዱን ሰው ስም አውቀን እንመለስ። ለዚህም እግዚአብሔር ትዕግሥትን ይስጠን።